በልጆችና በአያት እርምጃ መጓዝ

ዛሬ ስለ ቤተሰብ ጉዞ እንነጋገር። ከእናንተ መካከል በጀርመን አገር የምትኖሩ፣ ወይም እዚያ ያሉ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ የምትሄዱ አላችሁ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ አባት የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል፣ አያት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እንዲህ ሁሉም የተሰባሰበበት ሳምንት ተመልሶ ላይገኝ ይችላል። ሆኖም የመጋቢ ሚስት በመሆኔ፣ በናፍቆት የተጀመረ ጉዞ በኩርፊያ ሲያልቅ ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥድፊያ ነው። በአንድ ቀን አምስት ከተማ ለማየት ሲሮጥ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አያት ይደክማሉ፣ አባት ይቆጣል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ጉዞውን ከመካከላችሁ ቀስ ብሎ በሚሄደው ሰው አቅም አቅዱት። ዔሳው አብረን እንጓዝ ባለው ጊዜ ያዕቆብ የልጆቹን ለጋነት አስቦ በእነርሱ እርምጃ ቀስ እያለ መከተልን መርጧል (ዘፍጥረት 33)። ይህ ለመኪና ጉዞም ይሠራል።

በባቫርያ ግዛት የሚገኙትን ሁለት ጥንታውያን ከተሞች፣ ሮተንቡርግንና አውግስቡርግን እንውሰድ። በፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ በአውቶባን፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ከአንዱ ወደ ሌላው ይደረሳል። ነገር ግን በመንደሮችና በእርሻዎች መካከል የሚያልፍ ሌላ መንገድ አለ፤ በ1950 ለጎብኚዎች የተሰየመው «ሮማንቲክ ጎዳና» (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቡናማ ምልክቶቹን ተከተሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ይነዳል፤ እናንተ ግን ሦስት ቀን ስጡት።

የመጀመሪያውን ቀን ለሮተንቡርግ አድርጉት። መኪናውን ከቅጥሩ ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ። ልጆች ቅጥሩ ላይ ባለው ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ይራመዱ፤ ደረጃ የሚከብዳቸው እናት ደግሞ በገበያው አደባባይ ይቀመጡ። ማርች 31 ቀን 1945 የአየር ድብደባ የከተማውን ሰፊ ክፍል አፍርሶ ነበር። ቅጥሩ የተጠገነው ከብዙ አገሮች በመጣ መዋጮ ነው፤ የሰጪዎቹ ስም ዛሬም በድንጋዩ ላይ ይነበባል። ልጆቻችሁ ስሞቹን ሲያነቡ፣ አንዱ ያፈረሰውን ሌላው ሊሠራ እንደሚችል ንገሯቸው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ዲንክልስቡል ንዱ፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በ1632 የስዊድን ጦር ከተማውን ሲይዝ፣ ልጆች ወጥተው አዛዡን በመለመናቸው ከተማው ከጥፋት እንደዳነ ይተረካል። በየዓመቱ በሐምሌ ወር ይህን የሚያስታውስ የልጆች በዓል ይከበራል። ከምሳ በኋላ ወደ ኖርድሊንገን ቀጥሉና እዚያው እደሩ። ከተማው የተቆረቆረው፣ ሳይንቲስቶች እንደሚሉት ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ነው። የአፖሎ 14 ጠፈርተኞች በ1970 በአካባቢው ስለ ድንጋዮች ሠልጥነዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ «ዳንኤል» ይባላል፤ 350 ደረጃ አለው። ወጣቶቹ ሲወጡ አያት ከታች ቡናቸውን ይጠጡ። ማታ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት፣ የግንቡ ጠባቂ በየግማሽ ሰዓቱ ከላይ ሆኖ ይጣራል። ልጆቹን ለአንዱ ጥሪ ብቻ አምሹላቸው።

ሦስተኛው ቀን የአውግስቡርግ ነው። እዚያ ሁለት ስፍራ ይበቃል። አንደኛው ቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ነው። ማርቲን ሉተር በ1518 ለምርመራ ተጠርቶ ሲመጣ ያረፈው እዚህ በነበረው ገዳም ነው። የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በ1530 ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረበው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ መካነ ኢየሱስ አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1999 ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ የፈረሙትም በቅድስት ሐና ነው። ሁለተኛው በ1521 የተመሠረተው የችግረኞች መኖሪያ ሰፈር፣ ፉገራይ ነው። የነዋሪው የዓመት ኪራይ 0.88 ዩሮ ሲሆን በቀን ሦስት ጊዜ መጸለይም ይጠበቅበታል። ሰፈሩን የሠራው ባለ ባንክ ያዕቆብ ፉገር ነው፤ ሉተር የተቃወመው የኃጢአት ስርየት ወረቀት ሽያጭ ገንዘብ ከፊሉ የገባውም ለዚሁ ባንክ ዕዳ መክፈያ ነበር። ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ በመኪና ውስጥ ብዙ ያወያያችኋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ጥቂት ነገር አስቡ። ዕድሜው ከ12 ዓመት፣ ቁመቱም ከ150 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ በሕግ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ ስንቃችሁን ቅዳሜ ግዙ። መኝታ ስትይዙ ሊፍት መኖሩን ጠይቁ፤ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ምሽት ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና እያንዳንዱ ሰው አንድ ማየት የሚፈልገውን ይምረጥ። ከአያት ጀምሩ። እርሳቸው ግድ የለኝም፣ እናንተ ካያችሁ ይበቃኛል ይሉ ይሆናል፤ እናንተ ግን ደግማችሁ ጠይቋቸው።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።