«አበደ» ተብሎ የታለፈው ቁስለኛ

በመኪና የተገጨ ወይም ከፎቅ የወደቀ ሰው ከሞት ሲተርፍ «ተመስገን!» እንላለን። ጎረቤት ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሆስፒታል ድረስ ይጠይቀዋል፤ ቤቱ ሲገባ አጥሚት ይላክለታል። ስፌቱ ይደርቃል፤ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ጠባሳውም ይሸፈናል። ከዚያ ነገሩ አለቀ ተብሎ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይበተናል። ሰውዬው ግን አልዳነም። አሁን ያስቀመጠውን ቁልፍ አሁን አያገኘውም። የሰው ጫጫታና የመኪና ጡሩምባ ራሱን ይበጠብጠዋል። በኢምንት ነገር ይቆጣል፤ በፊት ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል እናቱ ፊት ይናገራል። ግማሽ ቀን ሠርቶ ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ የከረመ ያህል ይደክመዋል። እኛስ ምን እንላለን? መጀመሪያ «ሰነፈ»፣ ቀጥሎ «መጠጥ ጀመረ»፣ ከዚያ «ለከፈው»፣ በመጨረሻም «አበደ»! ከአስፋልት የተረፈውን ሰው ምላሳችን ይጨርሰዋል።

ዓይን የሚያየውን ጉዳት እኮ እናከብራለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን አገር አዘነለት። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል የቀስት ውድድር ሲካፈል ክብሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ማንም «ሰነፈ» አላለውም። ወንበሩ ይታያላ! አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግን የሚያሳየው ወንበር፣ ክራንች፣ ነጭ ዘንግ የለውም። እግሩ ይራመዳል፤ እጁ ያነሣል፤ አፉም ይናገራል። «ታዲያ ምን ጎደለውና ነው?» ይባላል።

የጎደለውን ሐኪሞች ካወቁት ዘመን አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1848 ፊንያስ ጌጅ የተባለ አሜሪካዊ የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ባሩድ ሲጠቀጥቅ የፈነዳበት ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም። ተናገረ፣ ተራመደ። የተለወጠው ጠባዩ ነው። የተመሰገነ ሠራተኛ የነበረው ሰው ተሳዳቢና በውሳኔው የማይጸና ሆኖ አሠሪዎቹ ወደ ቦታው ሳይመልሱት ቀሩ። ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል የቁጣ ልጓም፣ የይሉኝታና የእቅድ ቤት ነው። ልጓሙ ከተበጠሰ በኋላ ፈረሱን መግረፍ ምን ይፈይዳል? ደግሞም እንደ ጌጅ የራስ ቅል መበሳት የለበትም። አንጎል ቅሉ ውስጥ ተናውጦ፣ ደም ሳይታይ፣ ቆዳ ሳይላጥ ሊጎዳ ይችላል።

ለመሆኑ እነዚህ ቁስለኞች ከየት መጡ? መንገዳችን ያመርታቸዋል። ያለ ሄልሜት በሞተር ሳይክል ሦስት ሆነው የሚከንፉ ወጣቶችን የትራፊክ ፖሊስ አያያቸውም ማለት አይቻልም። በየሕንፃው በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ በነጠላ ጫማ የሚንጠላጠለውን የቀን ሠራተኛስ? ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን ለአንዲት ቀን ጉብኝት ቢጫ ሄልሜት ያደርጋል፤ ሲሚንቶ የሚሸከመው ልጅ ግን ባዶ ራሱን ነው። ከቤይሩት ፎቅ ወድቀው ነፍሳቸው ተርፎ የመጡ እኅቶቻችንም አሉ።

ጦርነቱማ ለብቻው ነው። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር የተማገደው ወጣት፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በሁለቱም ወገን የተሰለፈው፣ ከዚያም ወዲህ በየክልሉ የተዋጋውና መሐል ላይ የተያዘው ገበሬ... ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ሲፈነዳ ጭረት ሳይነካው አንጎሉ የተናጋ ስንቱ ነው! እግሩን ያጣው «የጦር ጉዳተኛ» ይባላል። ይኼኛው «በሽተኛ ሆኖ ተመለሰ» ይባላል፤ በጡረታ ቢሮ በኩልም ማስረጃ አምጣ ሲሉት ፋይሉን የት እንዳስቀመጠ አያስታውስም። ማስታወስ አለመቻሉ ራሱ በሽታው መሆኑን መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው አልተነገረውም።

ቆመጥንም አንርሳ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የደረሰውን እልቂት የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን፣ 763 መቁሰላቸውን መዝግቧል። 193 የሚለውን ቁጥር ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል። 763ቱን ማን አነሣቸው? የሞተው በየዓመቱ ሻማ ይበራለታል፤ ጭንቅላቱን የተመታው ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል። በሰልፍ ላይ አናት መምታት የጸጥታ ማስከበር ሥራ አይደለም፤ ሰውን ዕድሜ ልኩን አካለ ስንኩል ማድረግ ነው። አዛዦቹም ይህን አላወቅንም ሊሉን አይችሉም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕገ መንግሥት ተብሎ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሰነድ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። አቅም አልፈቀደም እንዳይሉን አቅም ያላቸው መሆኑን በየአደባባዩ ፏፏቴና መብራት እያየን ነው! የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተገጨ ሰው የትኛውም የሕክምና ተቋም ሲደርስ ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ገጭቶ ያመለጠ ቢሆንም የመድን ፈንዱ ይከፍላል። ይህ በጎ ነው፤ ብዙ ሰውም ይህን መብቱን ስለማያውቅ በር ላይ «ብር አስይዝ» ሲሉት ይለማመጣል። ይወቀው! ነገር ግን አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና የተጻፈው ጣሪያ 2000 ብር ነበር። ያ ገንዘብ ለመጀመሪያዋ ሌሊት ነው። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግን መናገር፣ መልበስ፣ ማቀድ እንደ ሕፃን እንደገና የሚማርባቸው ወራትና ዓመታት አሉት።

ሐኪሞቻችንን አንወቅስም። የነርቭ ቀዶ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ አልፈናል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ሥልጠናው ከተጀመረ ወዲህ ልጆቻችን እዚሁ ሰልጥነው አናት ከፍተው ደም እያወጡ ነፍስ ያተርፋሉ። ጥቁር አንበሳና አቤት ሆስፒታል ሌት ተቀን የሚደረገውን ያየ ያውቀዋል። የጎደለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ታማሚው መውጫ ወረቀት ይሰጠዋል፤ «ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ እንዲህ ያዙት» ብሎ ቤተሰቡን አስቀምጦ የሚያስረዳ ሰው ግን እምብዛም የለም። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ አትሞ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር መስጠት ስንት ያስወጣል?

መንግሥትን እስክንጠብቅ ደግሞ እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ። እድር! እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያዋሳል፣ ገንዘብ ይሰጣል፤ ይህ ሁሉ ግን ሰው ሲሞት ነው። በሕይወት ያለው ቁስለኛ ለእድሩ «ገና አልደረሰም»። ይህ ሊለወጥ አይችልም የሚል ካለ የኤድስን ዘመን ያስታውስ። በየቀኑ ድንኳን መትከል ሲሰለቻቸው ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመውን በሕይወቱ መጠየቅና መደገፍ ጀመሩ። ያን ጊዜም «ቅሌት ነው» ይባል የነበረው በሽታ ከጓዳ የወጣው በእድር ዳኛ አፍ ጭምር ነው። አሁንስ ምን ይከለክላል? በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት አባላት ከታማሚው ጋር ቢውሉ እናቱ ገበያ ትወጣለች፣ ሚስቱ እንቅልፍ ታገኛለች። ሸክሙ የወደቀው በሴቶቹ ላይ ነውና! ሥራዋን ትታ ባሏን የምትጠብቅ፣ ሲመታትም «በሽታው ነው» ብላ የምትችል ስንት አለች። በሽታው ቢሆንም መመታት የለባትም፤ ጎረቤት ገብቶ ማብረድ፣ እሷንም ዘወር ማድረግ አለበት።

ማወቅ ያለብንም አለ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ለጥቂት ሰዓት ደኅና መስሎ ይጫወትና አንጎሉን የሚጫን ደም ቀስ በቀስ ሊጠራቀምበት ይችላል። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስታወከ፣ ከተደናገረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው «ይተኛ፣ ይረፍ» ማለት መግደል ነው፤ ወዲያው ሐኪም ቤት! የጭንቅላት ጉዳት ሲውል ሲያድር የሚጥል በሽታ ሊያመጣም ይችላል። በየመንገዱ የወደቀ ሰው ላይ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ምንም አይረዳውም። በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ እስኪነቃ አጠገቡ መሆን ነው። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን በድንገት አያቋርጥ፤ ሲቋረጥ ብሶበት ሊገድለው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከከተማው አስተዳደር ጋር ያነካካናል። ማስታወስ የተሳነው ሰው የሚኖረው በለመደው መንገድ ነው። ከቤት እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። ቢሳሳት እንኳ ባለሱቋ «አንተ፣ ቤትህ በዚህ ነው» ትለዋለች። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ ከዚያም የኮሪደር ልማቱ ሌላ ሌላውን ሰፈር ሲያነሣ፣ ነዋሪው ወደየከተማው ዳርቻ ሲበተን የተናደው ጭቃ ቤት ብቻ አይደለም። ያቺ ባለሱቅም፣ እድሩም ተበትነዋል። ሰፈር የሚያነሣው መሥሪያ ቤት ስንት ካሬ እንደሆነ ሲለካ፣ ከቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ጠይቆ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ አይከብደውም ነበር፤ አሁንም አይከብደውም።

እስከዚያው ቤተሰብ በትንሽ ወረቀት የታማሚውን ስም፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የእድሩን ስምና የአንድ ዘመድ ስልክ ጽፎ ኪሱ ይክተትለት። እየተንገዳገደ ወይም እየተሳደበ በስካር ተጠርጥሮ ጣቢያ ሲገባም ተረኛው ፖሊስ ቆመጡን ከማንሣቱ በፊት ኪሱን ይፈትሽ።