ይሉኝታ ስልክ ያስበላል



በዛሬው ጊዜ ያገለገለ የእጅ ስልኩን ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ሱቅ ለሱቅ መዞሩ ቀርቶለት፤ ፎቶግራፉን በቴሌግራም፤ በፌስቡክ ወይም ጂጂን በመሰለ የኢንተርኔት ገበያ ላይ አውጥቶ ገዢውን በቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህ መልካም ነገር ነው። ለደላላ የሚከፈለው ይቀራል፤ በመሐል ሜዳ፤ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የተቀመጠ ሰው ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ካለ ገዢ ጋራ በቀላሉ ይገናኛል። ዳሩ ግን ደግ ገዢ በሚገባበት በር አታላይም አብሮ ስለሚገባ፤ በወር ደመወዝ ለምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች አንዳንድ አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። አንድ ደኅና ስልክ የብዙ ወር ቁጠባ ነውና ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፤ የባንኮችም የሞባይል አገልግሎት ስለተስፋፋ፤ ብዙ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ከሒሳብ ወደ ሒሳብ በማስተላለፍ ነው። አታላዩ የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው። በመጀመሪያ በዋጋው አይከራከርም፤ ይህም ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር። ቀጥሎ የባንክ ደረሰኝ የሚመስል ሥዕል ሠርቶ፤ ወይም የባንኩን መልእክት ቃል በቃል ገልብጦ ይልካል። በመጨረሻም «መኪናው ሊነሣ ነው፤ ቶሎ ይስጡኝ» እያለ ያጣድፋል። ሻጩ ገንዘቡ እንዳልገባ ቢነግረው መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «ኔትወርክ ስለሌለ ነው እንጂ ልኬያለሁ» ይላል። እንደኛ ባለ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ አገር ይህ ምክንያት እውነት ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምናል።

በቅርቡ በአካባቢያችን የሚሠራ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የደረሰበት ይኸው ነው። መልእክቱን በስልኩ አየ፤ ገዢው በትሕትና ስለሚናገር «ቆይ ሒሳቤን ልመልከት» ማለቱን አፈረና ስልኩን በመኪና ላከለት። በማግሥቱ ከባንክ ሄዶ ሲጠይቅ አንድም ብር አልገባም ነበር። የገዢውም ቁጥር ተዘግቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሰው ያስበላው የመሣሪያው ረቂቅነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የመንዝን የበግ ገበያ ያየ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ገዢው የበጉን ጥርስ ያያል፤ ወገቡን ይዳስሳል። ሻጩም ብሩን ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ ገመዱን ከእጁ አይለቅም። ሁለተኛ ቢቆጥረውም «አልታመንሁም» ብሎ የሚቀየም ገዢ የለም። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ እንዲህ ሲጠነቀቅ፤ የተማርን ነን የምንለው ሰዎች ግን መመርመርን እንደ ነውር ቈጥረን ንብረታችንን እናስረክባለን። መመርመር ስድብ አይደለም፤ የገበያ ሕግ ነው።

እንግዲህ ስልኩን ለመሸጥ የተነሣ ሰው ሊያደርጋቸው የሚገቡትን ልዘርዝር።

አንደኛ፤ የደረሰው መልእክት የባንኩን ስም ይዞ ቢመጣም እንኳ አይመነው። ራሱ የባንኩን መተግበሪያ ከፍቶ፤ ወይም በንግድ ባንክ *889#፤ በቴሌብር *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳቡን ይመልከት። ኔትወርክ ከሌለም እስኪመጣ ይጠብቅ፤ ስልኩም ከእጁ አይውጣ።

ሁለተኛ፤ ርክክቡ በቀን፤ ሰው በሚበዛበት ስፍራ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው የባንክ አዳራሽ ነው፤ የተላለፈው ገንዘብ መግባቱም፤ የተከፈለው ጥሬ ብር ሐሰተኛ አለመሆኑም እዚያው ይታወቃልና። ብቻውንም አይሂድ።

ሦስተኛ፤ ወደ ስልኩ የሚላክለትን የማረጋገጫ ቁጥርና የሚስጢር ቁጥሩን ለማንም አይንገር። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጢር ቁጥር አያስፈልግም። «በስሕተት ብዙ ልኬብሃለሁ፤ ትርፉን መልስልኝ» የሚለውንም ሒሳቡን ሳያይ አይመልስ።

አራተኛ፤ ከመሸጡ በፊት ሲም ካርዱን ያውጣ፤ ሲም ካርድ በስሙ የተመዘገበ ነውና ከስልኩ ጋራ አብሮ አይሸጥም። የሚፈልገውን ፎቶግራፍና ጽሑፍ ወደ ሌላ ስፍራ ካዛወረ በኋላ የጉግል ወይም የአይክላውድ ሒሳቡን ከስልኩ አንሥቶ፤ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ ይመልሰው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በስልኩ የሚቀበል ሠራተኛ ይህን ቢዘነጋ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም።

አምስተኛ፤ አጭር የሽያጭ ውል በሁለት ምስክር ፊት ይጻፍ። *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር፤ የሁለቱም ስምና መታወቂያ፤ ዋጋውና ቀኑ ይግባበት። ስልኩ ነገ ለክፉ ሥራ ቢውል ሻጩ መሸጡን የሚያስረዳበት ማስረጃ ይኖረዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህን ሁሉ ብንጠይቅ ገዢው ይሸሻል» ይሉ ይሆናል። የሚሸሸው ግን የሚያፍርበት ነገር ያለው ነው። ሐቀኛው ገዢ ስልኩ የተሰረቀ አለመሆኑን በዚሁ ውል ስለሚያረጋግጥ ከሻጩ ይልቅ እርሱ ይደሰታል።

ሕጉስ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልን ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ የተታለለ ሰው አፍሮ ዝም ከማለት መልእክቱን ሳያጠፋ፤ የላኪውን ቁጥር ይዞ በዚያኑ ዕለት ለፖሊስና ለባንኩ ቢያመለክት ለራሱም ለሌላውም ይበጃል። ዝም ባለ ቁጥር አታላዩ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል።

ባንኮችም በየቅርንጫፋቸው አዳራሽ «ሻጭና ገዢ እዚህ ቢረካከቡ እንወዳለን» የሚል አንድ ማስታወቂያና ሁለት ወንበር ቢያኖሩ ወጪው ትንሽ፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። እኛም መምህራን ከሰላምታው ቀጥሎ በየሳምንቱ በሚደረገው የሰልፍ ንግግር ለተማሪዎቻችን ይህን ብንነግራቸው ወሬው በየቤቱ ይደርሳል። ያገሬ በግ ነጋዴ የሚያውቀውን ጥበብ ባለ ስልኩም ይወቀው፤ ብሩ ሳይቈጠር ገመዱ አይለቀቅ።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከመሐል ሜዳ (መንዝ)