ለካውንስሉ ይከፍላል፣ ካውንስሉን አይመርጥም

ነገሩን ከቁጥር እንጀምረው። ሜይ 3 ቀን 2018 ምዕራብ ለንደን ውስጥ ኬንሲንግተንና ቼልሲ በሚባለው ቦሮ (በእኛ አነጋገር ክፍለ ከተማ በሉት) የካውንስል ምርጫ ተካሄደ። ለውድድር የቀረበው ሃምሳ ወንበር ነው። ወግ አጥባቂዎቹ 36፣ ሌበር 13፣ ሊብራል ዲሞክራቶች 1 ወሰዱ። ከዚያ በፊት በ2014 የተገኘው ውጤት 37፣ 12 እና 1 ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ እጅ የለወጠችው አንዲት ወንበር ብቻ ናት ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርን ነው፤ ጉዳዩ የእነሱ ይመስላልና። የእኛም መሆኑ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል።)

በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ምን እንደተፈጠረ ታስታውሳላችሁ። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት በዚሁ ቦሮ ሰሜናዊ ክፍል የነበረው ባለ 24 ፎቅ ግሬንፌል ታወር ነደደ። 72 ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ውስጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩበት፤ ለንደን ያለው ወገናችን ያን ሰሞን ከልቅሶ ቤት ልቅሶ ቤት ሲመላለስ ከረመ። ሕንፃው የካውንስሉ ንብረት ነበር። በ2016 ባለቀው እድሳት ከውጭ የለበሰው የአሉሚኒየም ልባስ መሃሉ ተቀጣጣይ ፕላስቲክ ስለነበር እሳቱ በግድግዳው ላይ ተያይዞ ወጣ። ቀድሞ ታስቦ የነበረው የዚንክ ልባስ ነው፤ በርካሹ ሲለወጥ የተቆጠበው ወደ 300 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል። ነዋሪዎቹ ስለ እሳት አደጋ ከዚያ በፊት ደጋግመው ጮኸዋል። ሰሚ አላገኙም።

ካውንስሉ ድሃ ቢሆን ኖሮ ትንሽ እንጽናና ነበር። ግን በቃጠሎው ጊዜ በመጠባበቂያ የያዘው ገንዘብ 274 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደነበር ተዘግቧል። በ2014፣ ልክ ምርጫው ሲቃረብ፣ ካውንስል ታክስ ሙሉ ለሙሉ ለሚከፍሉ ነዋሪዎቹ መቶ መቶ ፓውንድ መልሶላቸዋል። አቅም አጥተው በድጎማ የሚከፍሉት ግን ከዚያች መቶ ፓውንድ አልደረሳቸውም። እንግዲህ ይህን ሂሳብ ልብ በሉልን፤ እንመለስበታለን።

ታዲያ 72 ሰው ከሞተ በኋላ ውጤቱ እንዴት ሳይነቃነቅ ቀረ? አንዱ መልስ ቀላል ነው። የቦሮው ደቡብ ከብሪታንያ እጅግ ሀብታም ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ድሃው ሰሜን ላይ ተከማችቷል። ምርጫው የሚካሄደው ዋርድ በሚባሉ ትንንሽ ቀጠናዎች ሲሆን፣ በየዋርዱ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ወንበሩን ጠቅልለው ይወስዳሉ። ግሬንፌል ያለበት ኖቲንግ ዴል ድሮም የሌበር ነበር። እዚያ የሐዘንና የቁጣ ድምፅ እንደ ጎርፍ ቢወርድ እንኳ ሌበር ቀድሞ በያዛቸው ወንበሮች ላይ ነው የሚደፋው። ቼልሲ ያለውን ወንበር አያርስም።

ሁለተኛው መልስ ነው እኛን የሚያንገበግበን። እንግሊዝ ውስጥ ለካውንስል ለመምረጥ እዚያ መኖርና ካውንስል ታክስ መክፈል አይበቃም፤ ፓስፖርት ይጠየቃል። የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጋ ይመርጣል። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የኮመንዌልዝ አገር ዜጋም ይመርጣል፦ ኬንያዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ ሕንዳዊው። በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችም መራጮች ነበሩ። ኢትዮጵያዊውና ኤርትራዊው ግን ዜግነት እስኪቀይር ድረስ ተመልካች ነው።

ቀልዱን ልብ ብላችኋል? አድዋ ላይ ድል ያደረግነው የጣሊያን የልጅ ልጅ ስለ ለንደን ቆሻሻ አነሳስና ስለ ካውንስል ቤት ድምፅ ሲሰጥ፣ የእኛ ሰው በመስኮት ያያል። የእንግሊዝ ቅኝ ተገዢ የነበረው ጎረቤታችን ይመርጣል፤ እኛ በነፃነታችን ኮርተን ቁጭ ብለናል። «ጉዳዩ የታሪክ ትስስር ነው» እንዳይሉን ደግሞ፣ ሞዛምቢክ በ1995፣ ሩዋንዳ በ2009 ኮመንዌልዝ ሲገቡ ሁለቱም የእንግሊዝ ቅኝ ሆነው አያውቁም። ዜጎቻቸው ግን ይመርጣሉ።

«ዜግነት ያውጣና ይምረጣ» የሚል ወዳጅ አለን። ጥገኝነት ያገኘ ሰው በዚያን ጊዜ ሕግ ዜግነት ለመጠየቅ በትንሹ ስድስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ማመልከቻው ብቻ ከሺህ ፓውንድ በላይ ያስከፍላል። እስከዚያው ቤቱን የሚያድሰው፣ የእሳት በሩን የሚጠግነው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባው ያው ካውንስል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የበላዮቹን የማይመርጥ ግብር ከፋይ ሆኖ ይኖራል።

የእኛ ሰዎች ድምፅ ቢኖራቸው ኖሮ 36 ለ13 ይገለበጥ ነበር አንልም። አይገለበጥም። ግን ያቺን መቶ ፓውንድ አስታውሱ፤ ለማን ተመለሰች? ፖለቲከኛ ጆሮው የሚያዘነብለው ሊቀጣው ወደሚችል ሰው ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ በር አንኳኩቶ ሲመለስ «እዚህ ግማሹ አይመርጥም» ብሎ የሚጽፍ ተወዳዳሪ ለሁለተኛ ጊዜ ያንን ደረጃ አይወጣም።

የራሳችንንም ጉድ እንናገር። ዜግነቱን ካገኘ አሥር ዓመት ያለፈው ወገናችን ስለ አራት ኪሎ ወንበር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይከራከራል፤ የራሱን ዋርድ ተመራጭ ስም ብትጠይቁት ግን ትከሻውን ይነቀንቃል። የፓርላማ ምርጫ ሲመጣ ይሰለፋል፣ የካውንስሉን ንቆ ይተወዋል። ከቃጠሎው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁን 8 ቀን 2017፣ የኬንሲንግተን የፓርላማ ወንበር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሌበር የሄደው በሃያ ድምፅ ልዩነት ነው። ሃያ ድምፅ ማለት አንድ የቡና ዝክር ላይ የሚሰበሰብ ሰው ነው።

በሴፕቴምበር 2024 የወጣው የመርማሪው ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርት የሁሉም ሟቾች ሞት ሊቀር ይችል እንደነበር ገልጿል። ካውንስሉና ቤቶቹን ያስተዳድርለት የነበረው ድርጅት ለእሳት ደኅንነት ያሳዩትን ቸልተኝነትም አንስቷል። የኮንትራት አሰጣጥ፣ የቁሳቁስ ፍተሻ፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስንፍና፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ስለ መራጭነት ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ሥራውም አልነበረም።

መልሱ ሩቅ አገር አይደለም። ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ በ2021 ባወጧቸው ሕጎች በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የየትኛውም አገር ዜጋ ለአካባቢ ምክር ቤት እንዲመርጥ ፈቅደዋል። ሰማይ አልተደፋም። በሜይ 2022 ካርዲፍ ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስደተኛ እንደ ጎረቤቱ ተሰልፎ የካውንስል ተወካዩን መምረጥ ይችል ነበር። ይኸው ሰው ሥራ አግኝቶ የሴቨርንን ድልድይ ተሻግሮ ብሪስቶል ቢገባ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ድምፁን ድልድዩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ካውንስል ታክሱ ግን ተከትሎት ይመጣል።