«ሲስተም የለም»

በዘመናችን የመሥሪያ ቤት አማርኛ ውስጥ «ሲስተም የለም» የሚለውን ያህል ሰው የሚመልስ ዐረፍተ ነገር አላውቅም። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲስተሙ ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ አይጠየቅም። እናም ጥፋቱ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የምለው ከመስኮቱ በሁለቱም ወገን ስለ ቆምኩ ነው። እኔ ራሴ ለአንድ ሰነድ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። በባንክ ሠራተኛነቴ ደግሞ አንዲት እናት የፋይዳ ቁጥራቸውን ሰጥተውኝ ስማቸውም ፎቶግራፋቸውም ከፊቴ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ወጣ። እኔ ግን «እማማ፣ የመታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ይዘው ይምጡ» አልኳቸው። «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ እየታየሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ መመሪያ ግን ነበረኝ።

መንግሥት አልሠራም ማለቴ አይደለም። ወረዳዎችን በመረጃ መረብ የሚያገናኘው ወረዳኔት ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። ከዲጂታል ስትራቴጂው አስቀድሞም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥና ካይዘን መጥተዋል። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሠለጠንን፤ አበል ተቀበልን፤ ሰርተፍኬት ሰቀልን። ያለፈው የት ላይ እንደ ተሰናከለ የጠየቀን ግን አልነበረም።

ክርክሬ ይኸው ነው፤ ማሽን ይገዛል፤ ትምህርት ግን አይገዛም። መሥሪያ ቤት የሚማረው ከስህተቱ ነው። ስህተቱን ቀድመው የሚያውቁት ደግሞ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛና ባዶ እጁን የተመለሰው ባለጉዳይ ናቸው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ግን ስንት ሰው እንደ ተመዘገበ እንጂ አንዱ ሰው ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ አይቆጥርም። ቁልፉ የጠፋ የአስተያየት ሳጥን ወደ ስልክ ቢዛወር ማን ሊከፍተው ነው?

«ሲስተም የለም» በተባለ ቁጥር ሰዓቱ፣ ምክንያቱና ኃላፊው ይመዝገብ፤ በየሳምንቱም በሠራተኛው ፊት ይነበብ። ይህ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። እኔም የእኒያን እናት ጉዳይ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ። «መመሪያ ነው» ተብያለሁ። ነገም እጽፋለሁ።

መዝገቡ ተዘግቶ ቢበራ መስኮቱ፣
«ነገ ተመለስ» ነው ዛሬም ያው ትምህርቱ፤
ሰው ካልታረመበት ከስህተቱ ተምሮ፣
በአዲስ መስታወት ያያል ያንኑ ድሮ።