ክብሪቱን ትተን ሰውየውን እናግዘው



ውድ እህት ወንድሞች፣ ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ብዙዎቻችን እንሸሻለን፣ ክብሪት ጭረን ወደ አፍንጫው እናስጠጋለን፣ ወይም "ጂን ነው" ብለን እንደመድማለን። አንዱም የወደቀውን አይጠቅመውም።

በሽታው የሚነሳው በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ምልክት ለአፍታ ሲዛባ ነው። በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም። በጌዴኦ ገጠር ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ እሳት ዳር የወደቀን ሰው "ይይዘኛል" ብሎ ለማንሳት ማመንታት የማይሽር ጠባሳ ያስከትላል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። በታወቀ መድኃኒት ይታከሙ የነበሩት ግን ከ100 ታማሚ 2 አይሞሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ተገቢ ሕክምና ካገኙ ከ100 ታማሚ እስከ 70ው ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

"ሩቅያስ?" የሚል ይኖራል። ቁርኣን ሺፋ ነው፤ ይቀራ። ነገር ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከምም አዘውናል። ኢብኑል ቀይዪም በ"ዛዱል መዓድ" ከመንፈስ የሚመጣውንና ከአካል የሚነሳውን ለይተው ጽፈዋል። ስለዚህ "ሩቅያ ጀምረሃል፣ ኪኒኑን ተወው" የሚል ምክር ከዲን አይደለም። ድንገት ያቋረጠ ሰው ከበፊቱ የባሰ ሊወድቅ ይችላል። በረመዳንም መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ፆምን አግርቶለታል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ሴት ሐዲስ እናስታውስ። ትወድቅ ነበር፤ ሰብርን ከጀነት ጋር መረጠች። የለመነችው ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ነበር፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓ አደረጉላት። እኛ ግን እህታችን ስትወድቅ ስልክ አውጥተን እንቀርፃለን! ስልኩን ከተን ነጠላ እናልብሳት።

ሰው ሲወድቅ እንዲህ እናድርግ፦ የሚጎዳውን ነገር እናርቅ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር እናድርግ፤ በጎኑ እናስተኛው፤ አፉ ውስጥ ምንም አንክተት፤ በጉልበት አንያዘው፤ ሰዓት እንይ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ቶሎ ወደ ሆስፒታል እንውሰደው።

ጀመዓችን ሐኪም ጋብዞ አንድ ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። በዶርማችን ሕመሙን ደብቆ የሚኖር ወንድም ካለ፣ ኪኒኑን ያለ ፍርሃት በፊታችን እንዲውጥ እናድርግ። ወላሁ አዕለም።