ለካያክ የሚሆን ዓሣ አመልካች፦ ትንሹን ግዙ፣ ጀልባውን አትብሱ፣ ውሃውን ማንበብ ተማሩ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዩለስ ተነስቼ ግሬፕቫይን ሐይቅ ዳር ካያኬን ከመኪናው ላይ ሳወርድ፣ አንድ አዛውንት ያገራችን ሰው ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመው ያዩኝ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ከመቀመጫዬ ፊት የተሰቀለችውን ትንሽ ስክሪን እያመለከቱ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ቴሌቪዥን ዓሣውን ታሳይሃለች?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ እሷ የምታሳየኝ ውሃውን ነው። ዓሣውን የምፈልገው እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁና «ታዲያ ለምን ገዛሃት?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ዓሣ አመልካች (ፊሽ ፋይንደር) የሚባለው መሣሪያ ስሙ ከሥራው ይበልጣል። ገበያው በየዓመቱ ትልቅ ስክሪንና ብዙ ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ገዢውም ዶላር በጨመረ ቁጥር ዓሣ የሚጨምር ይመስለዋል። የኔ አስተያየት ተቃራኒው ነው። ለካያክ ትንሹና ርካሹ ይበቃል፤ ልዩነት የሚያመጡት አሰቃቀሉና አነባበቡ ናቸው። ሶፍትዌር ለምትሠሩ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለኝ፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩ። ሶናር ማለት በመሣሪያ የታገዘ የገደል ማሚቶ ነው። ትራንስዱሰር የምትባለው ቁራጭ ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ወለሉን መትቶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ መሣሪያው ይለካል። ድምፅ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ስለሚጓዝ፣ 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ማሚቶው የሚመለሰው ከሰከንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ይህን ለዓሣ ማጥመጃ በሚመች መልኩ ገበያ ላይ ያዋሉት ፉሩኖ የተባሉት ጃፓናውያን ወንድማማቾች ሲሆኑ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1948 ነበር። ዛሬ የተጨመረው ማሳመሪያ ብዙ ቢሆንም መሠረቱ ያው ነው።

ድምፁ የሚወርደው እንደ ባትሪ መብራት ጨረር እየሰፋ ነው። በ200 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ 20 ዲግሪ የሚከፈት ትራንስዱሰር የሚያየው ክብ ስፋት የጥልቀቱን ሲሶ ያህል ነው። 6 ሜትር ላይ 2 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ክብ ውጭ ያለውን ዓሣ አያየውም። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ሥዕልም የሐይቁ ፎቶ አይደለም። በቀኝ ጠርዝ ያለው አሁን፣ ወደ ግራ የሄደው ያለፈው ነው። ካያካችሁ ቆሞ ሥዕሉ ሲጓዝ ካያችሁ የሚጓዘው ጊዜ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ይህን ያልተረዳ ሰው የሁለት ሺህ ዶላር ስክሪንም አያድነውም።

ወደ ምርጫው እንግባ። ካያክ ላይ ቦታና ክብደት ውድ ናቸው። ከአራት እስከ አምስት ኢንች ስክሪን ይበቃል፤ ፊታችሁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነውና። ሁለት ነገር ግን እንዳይጎድል፦ አንዱ ቸርፕ የሚባለው፣ በአንድ ድምፅ ፈንታ ብዙ ድግግሞሽ እየጠረገ የሚልክ ሶናር ነው፤ ተጠጋግተው ያሉ ነገሮችን ለይቶ ያሳያል። ሌላው ጂፒኤስ ነው፤ ያገኛችሁትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ትመለሱበታላችሁ። እንደ ጋርሚን ስትራይከር 4 ያለው ትንሽ መሣሪያ ሁለቱንም ይዟል። ግሬፕቫይን እ.ኤ.አ. በ1952 የዴንተን ክሪክን ውሃ በመገደብ የተፈጠረ ሐይቅ እንደመሆኑ ከሥሩ አሮጌ የወንዝ መስመር አለ። ባስ የሚባለው ዓሣ የሚወደው እንዲህ ያለውን፣ ጥልቀቱ በድንገት የሚለወጥበትን ዳርቻ ነው። ያን ዳርቻ ለማግኘት ጥልቀት የሚነግራችሁና ቦታ የሚያስታውስላችሁ መሣሪያ በቂ ነው።

በጎን የሚያየው ሶናር ጥሩ ነው፤ ግን ቀጥ ብሎና ፍጥነት ጠብቆ መሄድ ስለሚፈልግ በመቅዘፊያ ለሚሄድ ሰው ያስቸግራል። ዓሣው ሲንቀሳቀስ በቀጥታ የሚያሳየው፣ ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2018 ላይቭስኮፕ ብሎ ያወጣው ዓይነት ደግሞ ዋጋውም የባትሪ ፍላጎቱም ለትንሽ ጀልባ ከባድ ነው። ለውድድር ለሚያጠምድ ይሁን፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ትራንስዱሰርን ለመትከል ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በካያኩ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ግን ጥልቀት በሌለበት ድንጋይና ግንድ ይመታዋል። ሁለተኛው ከጎን በሚታጠፍ ክንድ ማውረድ ነው። ሲያስፈልግ ይወርዳል፣ ዳር ስትደርሱ ይነሳል። ሦስተኛው በካያኩ ሆድ ውስጥ ከወለሉ ጋር ማጣበቅ ነው። ድምፁ ባለ አንድ ንብርብር ፕላስቲክን አልፎ ይሄዳል። ነገር ግን በማጣበቂያው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ድምፁ እዚያው ይቀራል፤ ድምፅ ከአየር ጋር አይስማማም። የሙቀት መለኪያውም የውሃውን ሳይሆን የፕላስቲኩን ሙቀት ይነግራችኋል። በጣም ከፍተኛ ድግግሞሽ የሚጠቀሙት የምስል ሶናሮችም በዚህ መንገድ ይደክማሉ።

እኔ በጥድፊያ አጣብቄ፣ አረፋውን ሳላወጣ፣ አንድ ወር ሙሉ ስክሪኑ ላይ የዝናብ ጠብታ የመሰለ ነገር ሳይ ከረምኩ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ስል ነው አንድ ወዳጄ ነቅለን እንየው ያለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደሚታጠፈው ክንድ ዞሬ አልተመለስኩም። ለጀማሪ የምመክረውም እሱን ነው፤ ካያኩን ሳትበሱ፣ በጎን ባለው ሐዲድ ላይ በብሎን ታስሩታላችሁ፤ ካልተመቻችሁ ቦታውን ትቀይራላችሁ። ቀዳዳ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው።

ስለ ባትሪው ባጭሩ። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ትንሽ መሣሪያን ቀኑን ሙሉ ያሠራል። የእርሳሱ ዓይነት ርካሽ ግን ከባድ ነው፤ የሊቲየም አይረን ፎስፌቱ ውድ ግን ቀላል ነው። የትኛውንም ብትገዙ ፊውዙ በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ቅርብ ይሁን። ባትሪው ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የሕይወት ጃኬቱም ከመሣሪያው በፊት ይገዛ፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ለፕሮግራመሮች። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ማሚቶውን ወደ ትንሽ የዓሣ ሥዕል የሚቀይር አማራጭ አላቸው። ከፍታችሁት ከሆነ ዝጉት። ይህ ሶፍትዌሩ የሚገምተው ግምት ነው፤ ተንሳፋፊ ቅጠልም፣ አረፋም፣ የዛፍ ቅርንጫፍም ዓሣ ሊሆንለት ይችላል። ጥሬው መረጃ ስክሪኑ ላይ እያለ ግምቱን ማመን፣ የስህተት መዝገቡን ሳያነቡ አረንጓዴ ምልክት እንደማመን ነው።

ሁለተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት «መረጃውን ወደ ውጭ ያወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ርካሽ መሣሪያዎች አያወጡም። የሚያወጡት ኤንኤምኢኤ 0183 በሚባለው አሮጌ ደንብ፣ በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ ተራ የጽሑፍ መስመር ይልካሉ። ከእነዚህ አንዱ ጥልቀቱን በፉት፣ በሜትርና ፋዘም በሚባለው የባሕረኞች መለኪያ ይሰጣል። ይህን መስመር ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ስለዚህ ስልካችሁ «ጥልቀት፦ አራት ሜትር፤ ወደ ግራ እየጠለቀ ነው» ብሎ በአማርኛ እንዳይጽፍ የሚከለክለው ነገር የለም። የጎደለው የሚሠራው ሰው ነው።

ግን ምን እንሥራ? እዚህ ላይ ነው የምለየው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ለጣና አጥማጆች በአማርኛ የሚናገር ዓሣ አመልካች እንሥራ» ይላሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ እኔ ግን እፈራዋለሁ። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር፣ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ከእነሱም የተወሰኑት በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ይጠመድ የነበረው ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲገባበት የነዚህ ዓሣዎች ቁጥር ክፉኛ ቀንሷል። ዓሣው ተሰብስቦ የሚገኝበትን ቦታ በቀላሉ የሚጠቁም መሣሪያ እዚያ ላይ ቢጨመር ማንን ይጠቅማል? እኔ ቴክሳስ ውስጥ በቀን ከአምስት ባስ በላይ አልይዝም፣ ከ14 ኢንች ያነሰውን እመልሳለሁ፤ ሕጉ አለ፣ ተቆጣጣሪም አለ። መሣሪያን ያለ ሕጉ መላክ የግማሹን ሥራ መላክ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ዓሣውን ትተን ጥልቀቱን እንሥራ ነው። ጣና ላይ ለሚቀዝፍም፣ ተሳፋሪ ለሚያመላልስም ጀልባ ደለል የት እንደሞላ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ በአማርኛ የሚያሳይ፣ በየጊዜው የሚታደስ ካርታ ሕይወት ያድናል፤ ዓሣውን ግን አያሳድድም። መሞከሪያው ቅርባችሁ ነው። በካያክና በአንድ ርካሽ ሶናር ግሬፕቫይን ላይ ሁለት ቅዳሜ ቀዝፋችሁ የመጀመሪያውን ካርታ መሥራት ትችላላችሁ።

አዛውንቱ የዚያን ዕለት ከመሄዳቸው በፊት የልጅ ልጃቸውን ካያኩ አጠገብ አቁመው ስክሪኑን አሳየኋት። «ይሄ መሬቱ ነው?» አለች። «አዎ፣ ከውሃው ሥር ያለው መሬት» አልኳት። ስለ ዓሣው አንዴም አልጠየቀችኝም። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት።