ፈሳሽ ናይትሮጅን፦ ከቅዝቃዜው በላይ የሚያሰጋው

ባለፈው ወር ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅል አንድ ባለሙያ ሊታከም ወደ እኔ መጥቶ ነበር። የጣቱ ቆዳ ነጥቶ ውኃ ቋጥሯል። የኮርማ አባለ ዘር የሚቀመጥበትን የፈሳሽ ናይትሮጅን ኮንቴነር ጋቢና ውስጥ እግሩ ሥር አድርጎ ሲጓዝ ፈስሶበት ነው። ጣቱ ድኗል። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነበር። የመኪናው መስኮት ሁሉ ዝግ ነበር፤ እሱንም ሾፌሩንም ራሳቸውን አዙሯቸው ነበር። «የመንገድ ድካም መስሎን ተውነው» አለኝ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ጠቃሚ ነገር ነው። አባለ ዘሩ ሳይበላሽ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው በእሱ ነው። በቆዳ ሕክምናም ኪንታሮትንና ቁንጭርን ለማከም ያገለግላል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ቆዳንና ዓይንን በቅጽበት ይጎዳል። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት አየር እንደሚያሳጣ ነው።

አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። 10 ሊትር በአንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ቢፈስስ የክፍሉን ኦክስጅን በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ መጠኑ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሰው ራሱን ይስታል፤ ከዚያም ቶሎ ይሞታል። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ጉሮሮም አያቃጥልም። ትንፋሽ አጠረኝ የሚያሰኘን በዋናነት በደማችን ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። በናይትሮጅን በተሞላ ክፍል ውስጥ ግን ካርቦንዳይኦክሳይዱን እያስወጣን ስለምንቀጥል ሰውነታችን አያስጠነቅቀንም።

በጥር 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ጌንስቪል ከተማ፣ በአንድ የዶሮ ሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ፈሳሽ ናይትሮጅን ፈስሶ 6 ሠራተኞች ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል ባልደረቦቻቸውን ለመርዳት የገቡ ይገኙበታል።

ስለዚህ ኮንቴነሩን ከሰው ጋር በጋቢና አይጫኑ። በፒክአፕ ክፍት የጭነት ቦታ ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው እንዳይወድቅ ይሰሩት። በመኝታ ክፍል ወይም መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት አያስቀምጡት። ቀዝቃዛው ጋዝ ወደ ወለል ስለሚወርድ ከታችም ከላይም አየር የሚያስተላልፍ ቦታ ይምረጡ። የኮንቴነሩን የራሱን ክዳን ብቻ ይጠቀሙ፤ በሌላ ነገር አይወትፉት። ፈሳሹን በፔርሙስ ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ መክደን ቦምብ እንደ መሥራት ነው። ሲቀዱ የፊት መከለያ፣ ለቅዝቃዜ የተሠራና ቶሎ የሚወልቅ ደረቅ ጓንት፣ ሙሉ ጫማ ያድርጉ፤ ሱሪዎን ከቦቲው ውጭ ይልቀቁት። ልጆች «ጭሱን» ለማየት እንዲቀርቡ አይፍቀዱ።

ቆዳ ላይ ከፈሰሰ አይሹት፤ እሳትም አያሙቁት። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ የተጣበቀ ልብስ ግን በኃይል አይላጡ። ለብ ባለ ውኃ (ከ37 እስከ 40 ዲግሪ) ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀቡት። ዓይን ውስጥ ከገባ ለብ ባለ ውኃ ለ15 ደቂቃ እያጠቡ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ።

ኮንቴነር ባለበት ክፍል ሰው ወድቆ ካዩ ግን ተንደርድረው አይግቡ። ይህን መስማት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ወንድሙ ወድቆ እያየ ደጅ የሚቆም ሰው የለም። ነገር ግን ከገቡ ሁለት ሰው ይወድቃል። በርና መስኮቱን ከውጭ ይክፈቱ፣ ሰው ይጥሩ፣ ወደ 907 ደውለው አምቡላንስ ይጠይቁ። ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ከወጣ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ የልብና የትንፋሽ እርዳታ ወዲያው ይጀመርለት።

ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚያከማቹ መሥሪያ ቤቶችም ኃላፊነት አለባቸው። ማከማቻው ውስጥ ኦክስጅን ሲቀንስ የሚጮህ መሣሪያ ሊኖር ይገባል። ሥልጠናውም ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ለሾፌሩ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለጥበቃው መድረስ አለበት። ያ ታካሚዬ ከዚህ በኋላ ኮንቴነሩን ከኋላ እንደሚጭን ነግሮኛል። እርስዎም በዚህ ሥራ ላይ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለዎት ይህን ዛሬውኑ ይንገሩት።